ትርጉሙን ይዞ ቃሉን መፈለግ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ተርጓሚ «አራጣ በእንግሊዝኛ ኢንተረስት ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ፤ እኔም በጀማሪነቴ በአንድ የክስ ወረቀት ላይ እንዲሁ ጽፌ አስረክቤአለሁ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወለድን ይፈቅዳል። መጠኑ በውል ካልተወሰነ በዓመት 9 በመቶ ይታሰባል፤ በብድር ውልም ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። አራጣ ግን ወንጀል ነው። ኢንተረስት የሚለውን ያነበበ የውጭ አገር ጠበቃ ሰውዬው የተከሰሰው ተራ ወለድ በመቀበሉ ይመስለዋል፤ ክሱ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ ማለት ነው። «ሃይ» የሚል ቅጽል መጨመርም አያድንም፤ ከፍ ያለ ወለድ ሁሉ ወንጀል አይደለምና። ትክክለኛው ቃል ዩዥሪ (usury) ነበር። ትርጉሙን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ከትርጉም ተነስቶ ወደ ቃል መሄድ እንደሚቻል ነው ያላወቅሁት። መንገዱ ግን ያኔም ነበር፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ፒተር ሮዤ ቃላትን በፊደል ተራ ሳይሆን በትርጉም ቤተሰብ አሰባስቦ ያሳተመው በ1852 እ.ኤ.አ. ነው። ያንን መድበል ማገላበጥ ዛሬም እወዳለሁ፤ ለጥድፊያ ሥራ ግን ትርጉሙን ስትጽፉለት ቃሉን የሚፈልግላችሁ ዋንሉክ (OneLook) የተባለው ድረ ገጽ ይበልጠዋል።

የምትጽፉለት ነገር ላይ ተጠንቀቁ። «የሰውን ችግር ተጠቅሞ ሕግ ከሚፈቅደው በላይ ወለድ ማስከፈል» የሚለውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተርጉማችሁ ብታስገቡ ፍለጋው ይበተናል። ከሦስት እስከ አምስት ፍሬ ቃል ይበቃል፦ ኢሊጋል፣ ሃይ፣ ኢንተረስት፣ ሎን። «ኖት ሊጋል» አትበሉ፤ አፍራሹ ቃል ችላ ከተባለ «ሊጋል» ብቻ ይቀርና ወደ ተቃራኒው ይወስዳችኋል። የመጀመሪያዋን ፊደል ካስታወሳችሁ ፊደሏን፣ ኮከብ ምልክት (*)፣ ከዚያ ኮለን (:) አድርጋችሁ ትርጉሙን አስከትሉ። ኮከቡ ስንትም ፊደል ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን አንድ ፊደል ብቻ ነው።

የዛሬ ልጆች ፍጥነታችሁ ደስ ይለኛል፤ የመጀመሪያውን መልስ ገልብጣችሁ መሄዳችሁ ግን ያሳስበኛል። ሎን ሻርክም (አራጣ አበዳሪ ማለት ነው) ከዝርዝሩ ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ እሱ የመንገድ ቃል ነው፣ ለፍርድ ቤት አይሆንም። የመረጣችሁትን ቃል በተራው መዝገበ ቃላት መልሳችሁ አንብቡ፤ የቃሉን ክፍልም እዩ። ዩዠረር ሰውዬው ነው፣ ዩዥሪየስ ቅጽሉ ነው፣ ዩዥሪ ድርጊቱ ነው። በክሱ ላይ የሚጻፈው ድርጊቱ ነው።