ጓደኛን መቅደምና ሰዓትን ማሻሻል

ለወጣት ሯጮች፣

በጎዳና ሩጫ መነሻ ላይ አብራችሁ ቆማችሁ «እኔ ዛሬ ለመዝናናት ነው የመጣሁት» ስትባባሉ እሰማለሁ። አላምናችሁም። ሙያዬ የውድድር ጎዳና መለካትና በመጨረሻው መስመር ላይ ሰዓት መያዝ ነው። በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው ማን ለመዝናናት፣ ማን ጓደኛውን ለመቅደም እንደመጣ ገና የጫማ ክሩን ሲያስር ይለየዋል። እናንተ ደግሞ የመጣችሁት ለሁለቱም ነው፤ ጓደኛችሁን ልትቀድሙ፣ የራሳችሁንም ምርጥ ሰዓት ልታሻሽሉ። ደብዳቤውን የምጽፈው እነዚህ ሁለት ፍላጎቶች በአንድ ውድድር ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ልነግራችሁ ነው።

መጀመሪያ ፉክክሩን አትደብቁት። «ዛሬ ልቀድምህ ነው» በሉት፤ እሱም ይበላችሁ። በግልጽ የተነገረ ፉክክር ወዳጅነትን ሲያፈርስ ብዙ አላየሁም፤ የሚያፈርሰው የተደበቀው ነው። ከተቀደመ በኋላ «እኔ እኮ አልሮጥኩም፣ ዝም ብዬ ነው የመጣሁት» የሚል ሰው የጓደኛውን ድል ነጥቆት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴና ፖል ቴርጋት ምን እንዳደረጉ አስታውሱ። ኃይሌ 27:18.20፣ ቴርጋት 27:18.29። በመካከላቸው የሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አልነበረም። አንዳቸውም ለመዝናናት እንደመጡ አላስመሰሉም፤ መከባበራቸውና ወዳጅነታቸው ግን እስከ ዛሬ ይነገራል።

አሁን ወደ ችግሩ ልግባ። ጓደኛን ለመቅደም የሚያስፈልገው ሩጫና ሰዓትን ለማሻሻል የሚያስፈልገው ሩጫ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ይጣላሉ። 10 ኪሎ ሜትርን በ45 ደቂቃ ልትጨርሱ አቅዳችኋል እንበል። ይህ ለአንድ ኪሎ ሜትር 4:30 ማለት ነው። ተኩሱ ሲሰማ ጓደኛችሁ በ4:15 ፍጥነት ወጣ። ጀርባውን ማየት አላስቻላችሁምና ተከተላችሁት። ሁለት ኪሎ ሜትር በዚያ ፍጥነት ሮጣችሁ 30 ሰከንድ አተረፋችሁ። ከዚያ ሦስት ኪሎ ሜትር በትክክለኛው 4:30። ግማሹ ላይ ሰዓታችሁ 22:00 ሲል ደስ ይላችኋል። ከዚያ በኋላ ግን እግር ይከብዳል፤ የቀሩትን አምስት ኪሎ ሜትሮች በ4:40 ከሮጣችሁ የምትገቡት በ45:20 ነው። ያተረፋችሁት 30 ሰከንድ 50 ሰከንድ አስከፈላችሁ። በዚህ ሒሳብ ላይ የኋለኛውን አምስት ኪሎ ሜትር 4:40 ያልኩት በቸርነት ነው፤ በመጨረሻው መስመር ላይ ቆሜ የማየው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይብሳል።

ለምን ይህ ይሆናል? በመነሻው ላይ ሰውነት ለፍልሚያ የተዘጋጀ ነው። አድሬናሊን በደም ውስጥ ይሠራጫል፣ እግር ትኩስ ነው፣ ስለዚህ ከአቅም በላይ የሆነ ፍጥነት ቀላል መስሎ ይሰማል። ትንፋሽ እውነቱን የሚናገረው ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ነው። ያኔ ጡንቻ ያለ በቂ ኦክስጅን ብዙ ሠርቷል፤ በሩጫ ላይ እያሉ ከዚያ ማገገም ደግሞ በጣም ቀርፋፋ ነው። ማራቶን ላይ ሌላም ይጨመርበታል። በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ግላይኮጅን፣ ማለትም ሰውነት ለጉልበት ያስቀመጠው ስኳር፣ የተወሰነ ነው፤ በፍጥነት የወጣ ሰው ቀድሞ ይጨርሰዋል፤ ብዙዎች ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚደክሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ምርጦቹ እንዴት እንደሚሮጡ ተመልከቱ። ኬልቪን ኪፕቱም፣ ነፍሱን ይማርና፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ቺካጎ ላይ በ2:00:35 የማራቶን ክብረ ወሰን ሲሰብር የመጀመሪያውን ግማሽ በ60:48፣ ሁለተኛውን በ59:47 ነበር የሮጠው። ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው በአንድ ደቂቃ ይፈጥናል። እናንተ ይህን ያህል ልዩነት እንድታመጡ አልጠብቅም፤ ሁለቱ ግማሾች እኩል ከሆኑ ይበቃኛል።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህ ነው፤ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ ተፎካካሪያችሁ ሰዓታችሁ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ከሆነ እስከ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው፣ ግማሽ ማራቶን ከሆነ እስከ 16ኛው አካባቢ ጓደኛችሁ የት እንዳለ እወቁ፤ ግን ፍጥነታችሁን እንዲወስንላችሁ አትፍቀዱ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን እርሱትና እሱን ያዙት። በዚያን ጊዜ የጓደኛ ጀርባ ከማንኛውም ሰዓት የተሻለ አሠልጣኝ ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን «ይበቃኛል» ይላል፤ ሃያ ሜትር ከፊቱ የሚያውቀው ማልያ ካለ ግን አይልም።

ወደ ኋላ የቀረ ሰው ውድድሩ አላበቃበትም። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን ማራቶን ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ከብርሃኑ ለገሠ ተቆርጦ ቀርቶ ነበር። በራሱ ፍጥነት ቀጠለ፣ ደረሰበት፣ አለፈው፣ በ2:01:41 ገባ። በወቅቱ ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን የለየው ሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር። ሲቆረጥ ደንግጦ ያለ አቅሙ ቢያሳድድ ኖሮ ያንን ሰዓት ያየው ነበር ብዬ አላምንም። ጓደኛችሁ በአምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲያመልጣችሁ ትንፋሻችሁን ጠይቁት፤ ዕቅዳችሁ ላይ ካላችሁ ይሂድ።

አቅማችሁ ተቀራራቢ ከሆነ ግን እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ አብራችሁ ብትሮጡ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ተራ በተራ ምሩ፤ ከኋላ የሚሮጠው ጉልበት ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በ2003 በርሊን ላይ ፖል ቴርጋት በ2:04:55 የማራቶን ክብረ ወሰን ሲይዝ አሯሯጭ፣ ማለትም ከፊት ሆኖ ፍጥነት የሚጠብቅለት ሯጭ፣ ሆኖ የገባው ሳሚ ኮሪር እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም፤ አንድ ሰከንድ ብቻ ቀርቶት በ2:04:56 ገባ። አሯሯጭ አድርጋችሁ የለመናችሁት ጓደኛ ሊቀድማችሁ እንደሚችል ከዚህ ተማሩ።

የሰዓት ዕቅድ ከምኞት አይወጣም። በቅርቡ ከሮጣችሁት አጠር ያለ ርቀት አስሉ፤ 5 ኪሎ ሜትርን በ21:30 የጨረሰና ልምምዱን ያላቋረጠ ሰው 10 ኪሎ ሜትርን በ45 ደቂቃ ገደማ መጠበቅ ይችላል። የጓደኛችሁን ዕቅድ ተቀብላችሁ የራሳችሁ አታድርጉት።

ስለ ራሴ ሙያ ትንሽ ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ከመጨረሻው መስመር አልፎ ሰዓቱን እያሳየኝ «ጎዳናው ረዝሟል፣ 10.1 ኪሎ ሜትር ነው» ብሎ የማይቆጣኝ ወጣት የለም። ጎዳናው አልረዘመም። ጎዳና የሚለካው በተስተካከለ ቆጣሪ ባለው ብስክሌት ነው፤ የሚለካውም አንድ ሯጭ ሊሮጥበት በሚችለው አጭሩ መንገድ፣ ከጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ፣ ከኩርባ ወደ ኩርባ በቀጥታ ነው። በዚያ ላይ ጎዳናው በምንም መንገድ አጥሮ እንዳይገኝ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨመራል፤ 10 ኪሎ ሜትር የተባለው 10,010 ሜትር ሆኖ ይዘረጋል። እናንተ ደግሞ በሰው መካከል እየተሽሎከለካችሁ፣ ኩርባውን በሰፊው እየዞራችሁ ከዚያ በላይ ትሮጣላችሁ። የእጅ ሰዓታችሁ ከሳተላይት የሚቀበለውም ምልክት በዛፍና በሕንፃ መካከል ይዛባል።

ነገሩ ከሰዓት ዕቅዳችሁ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። የእጅ ሰዓታችሁ በሚያሳየው ኪሎ ሜትር 4:30 እየሮጣችሁ ከሄዳችሁና በመጨረሻ 10.1 ካሳያችሁ፣ የምትገቡት በ45:27 ነው። ሃያ ሰባት ሰከንድ የት እንደገባ ሳታውቁ ታዝናላችሁ። መንገድ ዳር የተተከለውን የኪሎ ሜትር ምልክት እመኑ፤ እሱ ጋ ስትደርሱ ሰዓታችሁን በእጃችሁ ተጫኑ። ኩርባዎችን በአጭሩ ቁረጡ። ጓደኛችሁ በሰፊው ሲዞር ካያችሁት ዝም በሉት፤ ከውድድሩ በኋላ ትነግሩታላችሁ።

ቁልቁለት ጎዳና ላይ የተገኘ ሰዓትም አያስደስተኝም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጄፍሪ ሙታይ ቦስተን ላይ ማራቶንን በ2:03:02 ጨርሶ ነበር፤ በወቅቱ ከዚያ የፈጠነ ሰው አልነበረም። ነገር ግን የጎዳናው መነሻና መድረሻ በጣም ስለሚራራቁ፣ ቁልቁለቱም በኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር አይበልጥ ከሚለው ደንብ ስለሚያልፍ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ አልተመዘገበም። እናንተን የሚጠይቅ ዳኛ የለም፤ ከጓደኛችሁ ጋር ስትነጻጸሩ ግን የአንዱ ሰዓት ከተራራ ላይ በመውረድ፣ የሌላው በሜዳ ላይ የተገኘ ከሆነ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

ሌላው ነገር አጭር ነው። በመጨረሻው ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት የልምምዱን ርዝመት ቀንሱ፣ ፍጥነቱን ግን ሙሉ በሙሉ አትተዉት። በውድድሩ ቀን አዲስ ጫማ አታድርጉ። ሙቀት ካለ ዕቅዳችሁን አሳንሱ፤ ፀሐይ ከማንም ጋር አትደራደርም። ውኃ ሲጠማችሁ ጠጡ እንጂ ሆዳችሁ እስኪነፋ አትጠጡ፤ ከመጠን ያለፈ ውኃ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አሳንሶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ውጣችሁ አትሩጡ፤ በሩጫ ላይ ያለ ኩላሊት ተጨማሪ ጫና አይፈልግም። ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ከዞረባችሁ ቁሙ፤ ያን ጊዜ ሰዓት የሚባል ነገር የለም።

ከመነሳታችሁ በፊት በሁለት ነገር ተስማሙ። አንደኛው አሸናፊው የሚለይበት መንገድ ነው። ቁጥራችሁ ወይም ጫማችሁ ላይ ያለው ቺፕ መነሻውን ካለፋችሁበት ጊዜ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ተኩሱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ከኋላ የተነሳ ሰው ከጓደኛው ኋላ ገብቶ በቺፕ ሰዓት ሊቀድመው ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ሁለት ጎረምሶች ፊቴ ቆመው ሲጨቃጨቁ መስማት ሰልችቶኛል። እኔን ብትጠይቁኝ ለምርጥ ሰዓታችሁ ቺፑን ውሰዱ፣ ለፉክክሩ ግን ጎን ለጎን ተነሱና መስመሩን ቀድሞ የረገጠው ያሸንፍ።

ሁለተኛው አንዳችሁ ብትጎዱ ሌላው ምን እንደሚያደርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ዮርክ ማራቶን ደራርቱ ቱሉ ሕመም የያዛትን ፖውላ ራድክሊፍን መሪዎቹን እንድትከተል ስታበረታታት ነበር፤ ከዚያም ራሷ ቀድማ ገብታ አሸነፈች። ራድክሊፍ አራተኛ ሆነች። ማበረታታት ውድድሩን አያስጥልም። ጓደኛችሁ የወደቀ ወይም የዞረበት እንደሆነ ግን ቁሙ፤ ይህን ቀድማችሁ ከተነጋገራችሁበት በዚያች ቅጽበት ሰዓታችሁን እያያችሁ አታመነቱም።

ስትጨርሱ የተቀደመው ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ አታናግሩት። ኋላ ላይ የየኪሎ ሜትሩን ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ልዩነቱ የተፈጠረበትን ቦታ ፈልጉ። ከሦስተኛው ኪሎ ሜትር በፊት ከሆነ አንዳችሁ አቅሙን አላወቀም፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ከሆነ የጎደለው ጽናት ነውና ረዘም ያለ ልምምድ ያስፈልገዋል፤ በመጨረሻው 200 ሜትር ላይ ከሆነ ደግሞ አጨራረሱ ላይ ይሥራ። በሚቀጥለው ሳምንት ለበቀል አትሩጡ፤ ሙሉ ኃይላችሁን ሰጥታችሁ የሮጣችሁት 10 ኪሎ ሜትር እንኳ ቢያንስ አንድ ሳምንት የቀለለ ልምምድ ይፈልጋል፣ ማራቶን ከሆነማ ወር ይሂድ። የመልሱን ውድድር ቀን የተቀደመው ይምረጥ። ጎዳናውን ግን በትክክል የተለካና ቁልቁለት ያልሆነ እስከሆነ ድረስ የቀደመው ይምረጥ፤ ዳገት የበዛበትን ቢመርጥም ማንም አያማርር።