ለወላጆቻችን ሻወር ቤት የሚሆን የመደገፊያ ብረት፦ ጥያቄና መልስ

በመታጠቢያ ቤትና በሽንት ቤት ስለሚገጠም የመደገፊያ ብረት ከጠየቃችሁኝ መካከል እነዚህን መልሻለሁ።

እናቴ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት። በፊሸር ብቻ ቢታሰር ይይዛል?

በተራ የፕላስቲክ ፊሸር አትመኑት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸሩ የሚነክሰው ስሱን ግድግዳ ብቻ ነው። ፎጣ ይችላል። እናት ስትንሸራተት ግን መላ ክብደቷ ባንዴ ነው የሚያርፍበት። ከግድግዳው ጀርባ የራሳችሁ ክፍል ካለ ብሎኑን አሳልፋችሁ ከኋላ በላሜራ እሰሩት። ካልሆነ ግንበኛው ብሎኬቱን ፈልፍሎ ባዶውን በኮንክሪት ይሙላውና የብረቱን እግር እዚያው ይቅበረው። ቢያንስ ሳምንት ውሃ እያጠጣችሁ ጠብቁት፤ እስከዚያ ማንም እንዳይደገፍበት። ሴራሚክ ስትበሱ ቦታው ላይ ፕላስተር ለጥፉ፤ ድሪሉም ያለ መዶሻ ምት በቀስታ ይጀምር። ሲያልቅ መጀመሪያ እናንተ በሙሉ ክብደታችሁ ሳቡት። ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ ሥራው አላለቀም።

ግድግዳው አግሮስቶን (በፋብሪካ የሚሠራ የክፍልፋይ ቦርድ) ከሆነ ግን ወለል ላይ የሚቆም መደገፊያ ይሻላል።

ዝግጁ ስቴይንለስ ልግዛ ወይስ ብየዳ ቤት ላሠራ?

ሁለቱም ይሆናል። ለእጅ የሚመቸው ውፍረት ከ32 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 1 ኢንች የውሃ ቧንቧ ከውጭ ሲለካ 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጥሩ ነው። ከግድግዳው የሚኖረው ርቀት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ከሰፋ ሲወድቁ ክንዳቸው ሾልኮ ይቀረቀራል። ብየዳ የቧንቧውን ዚንክ ስለሚያቃጥል ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው፤ አንቲረስት ሳይቀባ አትረከቡ። ቀለሙ ከሴራሚኩ ይለይ። የዓይን ሞራ ላለበት ሰው ነጭ በነጭ ላይ አይታይም።

ከፍታው ስንት ይሁን?

የአሜሪካ የተደራሽነት መለኪያ ከወለል ከ84 እስከ 91 ሴንቲ ሜትር ይላል። ለቤት ግን ልኩ እናታችሁ ናት። ሽንት ቤት መቀመጫው ላይ አስቀምጧት፣ እንደ ልማዷ ትነሳ፣ እጇ የሚሄድበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ስትሮክ ካለባት ጤነኛው እጇ በኩል ይሁን።

አሜሪካ ተከራይ ነን። ግድግዳ ላይ በአየር የሚጣበቀው አይበቃም?

ሚዛን ለመጠበቅ እንጂ ክብደት ለመሸከም አይታመንም። የአካል ጉዳት ያለበት ተከራይ በራሱ ወጪ ተገቢ ማሻሻያ እንዲያደርግ የፌዴራሉ የቤቶች ሕግ ይፈቅዳል፤ አከራዩን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ብሎኑ ከጂፕሰም ቦርዱ (ድራይዎል) ጀርባ ያለውን ቋሚ እንጨት መያዝ አለበት።

አባቴ «ገና አላረጀሁም» ብለው እምቢ አሉ።

አትጨቃጨቋቸው። የፎጣ መስቀያውን ነካ አድርጋችሁ እዩት። ላልቶ ከሆነ እሳቸው መደገፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። «ይሄ ሊወድቅ ነው፣ በጠንካራ ልቀይረው» በሏቸውና እዚያው ቦታ ግጠሙላቸው።