እንጀራው ግማሹ ዓይን አውጥቶ ግማሹ ከያዘ፦ ሊጡ ነው ወይስ ምጣዱ?

«ጋሼ እንደምን ዋሉ? ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከገባን አራት ወር ሆነን። የኤሌክትሪክ ምጣዴን በአይሱዙ ጭኜ ነው ይዤ የመጣሁት። እዚያ እያለሁ እንጀራዬን ጎረቤት ይመሰክርለት ነበር። እዚህ ግን ግማሹ ዓይን ያወጣል፣ ግማሹ ድፍን ሆኖ ምጣዱ ላይ ይይዛል። ላወጣው ስል ይቀደዳል። ደህና የሆነው ግማሽ እንኳ ዓይኑ እንደ ድሮው አይደለም፣ ሳሳ ብሏል። ቤኪንግ ፓውደር ጨመርኩ። የዳቦ እርሾ ጨመርኩ። ሩዝ ቀላቀልኩ። አብሽ ሞከርኩ። አንዷ ጎረቤቴ የደሴ ውሃ ነው አለችኝ። ሌላዋ ምጣዱን ጣይው አለችኝ። ልጆቼ በየቀኑ ‹የድሮውን እንጀራ› ይሉኛል። ሊጡ ነው ወይስ ምጣዱ?»

አብሽሪ እህቴ። ምጣዱን እንዳትጥዪው። ሊጡንም እንዳትደፊው።

እኔ ሥራዬ ምጣድ መጠገን ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው ያሳደገችን፤ ስለዚህ ሊጡንም ትንሽ አውቀዋለሁ። ካልሽኝ ሁሉ አንዷን ቃል ያዝኳት፦ «ግማሹ» ብለሻል። ሊጥ እኮ አንድ ነው። ከአንድ ባልዲ በአንድ ጆግ ቀድተሽ ነው የምታዞሪው። ጥፋቱ የሊጡ ቢሆን እንጀራው ከዳር እስከ ዳር ይበላሽ ነበር። በቀኝ በኩል የቦካ፣ በግራ በኩል ያልቦካ ሊጥ የለም። ግማሹን ብቻ የሚያበላሸው ነገር ከሊጡ ውጭ ነው ያለው።

የሳሳው ዓይን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ሁለቱም ጋ አለ። ስለዚህ የገጠሙሽ ችግሮች ሁለት ይመስሉኛል፤ አብረው ስለመጡ አንድ መስለውሻል። ያንን ሁሉ ነገር ጨምረሽ ለውጥ ያላየሽውም ለዚህ ነው። የምጣድን ችግር በቤኪንግ ፓውደር ማዳን አይቻልም። ለጊዜው የጨመርሽውን ሁሉ አቁሚ። ጤፍ፣ ውሃ፣ እርሾ ብቻ አድርጊ። ከዚያ አንድ በአንድ እንሂድ።

መጀመሪያ የምጣዱን አቀማመጥ እዪ። ይሄ ምንም ወጪ የለውም። ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎና ቀዝቅዞ እያለ መሃሉ ላይ ዝርግ ሰሃን አስቀምጪ። ሰሃኑን እስከ አፉ ውሃ ሙዪው። ውሃው ወደ አንድ ጎን ከተጠጋ ምጣድሽ ዘንበል ብሏል ማለት ነው። የደሴ ቤት አብዛኛው ተዳፋት ላይ ነው። የማድቤት ወለል ደግሞ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ሆን ተብሎ ዘንበል ተደርጎ ይሠራል። ምጣድ ትንሽ ካዘነበለ ሊጡ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሸሻል። እዚያ ይወፍራል። የወፈረ ሊጥ እንፋሎቱ በቶሎ ሰብሮት አይወጣም፤ ድፍን ይሆናል፣ በደንብ ሳይበስልም ይይዛል። ቀጭኑ ጎን ግን ዓይኑን አውጥቶ ይደርሳል። አንቺ የነገርሽኝን ይመስላል አይደል?

ከዓመታት በፊት ሆጤ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ምጣዳቸውን በባጃጅ እያስጫኑ ሦስት ጊዜ አመጡልኝ። ሦስቴም ፈታሁት። ሱቄ ስሞክረው ደህና ነው፤ ቤታቸው ሲገባ ያው ነው። በአራተኛው ራሴ ቤታቸው ሄድኩ። ወለሉ ያዘነበለ ነበር። ከምጣዱ አንዱ እግር ሥር ቁራጭ ጣውላ አስገባን፤ እንጀራው በዚያው ቀን ተስተካከለ። ያወጡት የባጃጅ ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ «ግማሹ ያዘብኝ» የሚል ሰው ሲመጣ መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ስለ ወለሉ እጠይቃለሁ።

ሰሃኑ ካላሳመነሽ ምጣዱን አዙሪው። መጀመሪያ የሚይዘው ጎን ጠርዝ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጊ። ምጣዱ ቀዝቅዞ፣ ተነቅሎ፣ ሰው አግዞሽ ግማሽ ዙር አዙሩት። ግድግዳው ጋ የነበረው ወደ አንቺ ይምጣ። ከዚያ እንደ ወትሮው ጋግሪ። ምጣዱ ዞሮም የሚይዘው በዚያው በድሮው በኩል ከሆነ ችግሩ ወለሉ ነው። የሚይዘው ጎን ከጠመኔው ምልክት ጋር አብሮ ከዞረ ግን ችግሩ የምጣዱ እግር ላይ ወይም ምጣዱ ውስጥ ነው።

ውስጡ ከሆነ የዱቄት ሙከራ አለ። ምጣዱን ለመጋገር እንደምታግዪው አድርገሽ አግዪው። ነጭ የስንዴ ዱቄት በወንፊት ስስ አድርገሽ ላዩ ላይ ንፊ። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆመሽ ተመልከቺው፤ ጥለሽው እንዳትሄጂ፣ ይጨሳል። ዱቄቱ እኩል ቡናማ ከሆነ ሙቀቱ እኩል ነው። ግማሽ ጨረቃ መስሎ ነጭ የቀረ ቦታ ካለ እዚያ ሙቀት አይደርስም። እንደ ሳንቲም ያለ ጥቁር ነጥብ ብቻውን ከወጣ ደግሞ ሽቦው እዚያ ቦታ ተጠጋግቷል፣ ወይም ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። ሳትጠርጊው በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ለጠጋኝ ከብዙ ቃል ይልቅ እሱ ይነግረዋል።

ለምን ይሆናል? ከሸክላው ሥር እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቦይ አለ። ሙቀት የሚሰጠው ጥቅልል ሽቦ እዚያ ውስጥ ተኝቶ በጀሶ ይያዛል። የአይሱዙ መንገጫገጭ፣ በመንገዱ ላይ ያለው የሐረጎ መታጠፊያ፣ ከዚያ ማውረድና ማንሳት አለ። ጀሶው ይሰነጠቃል። ሽቦው ከቦዩ ይወርዳል፣ ከሸክላው ይርቃል። ቢሞቅም ሙቀቱ ወደ ላይ አይደርስም። በአንዳንድ ምጣድ ደግሞ ሽቦው ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚገጠመው። አንዱ ሲበጠስ ሌላው ይሠራል፤ ባለቤቱ ምጣዱ ደህና ነው ይላል፣ ግን በግማሽ ነው እየጋገረ ያለው። የአንቺን ሳላይ አልፈርድም። ዱቄቱ ይፈርዳል።

ጠጋኝ ጋ ስትሄጂ ሁለት ነገር ጠይቂልኝ። አንደኛ፣ የተበጠሰውን ሽቦ ጠምዝዞ እንዳይቀጥለው። የተጠመዘዘ ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይግላል፣ ቶሎም ይበጠሳል። የተበጠሰውን ቆርጦ ማሳጠርም መድኃኒት አይደለም። ሽቦ ሲያጥር ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ብሬከር ይጥላል፣ ገመድ ያቃጥላል። ሙሉውን በልኩ ይቀይረው። ለ3,500 ዋት ምጣድ ሽቦው ሲለካ 14 ኦም ገደማ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ አዲስ ጀሶ ከገባ ሁለት ሦስት ቀን አየር ባለበት ይድረቅ። እርጥብ ጀሶ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሰው ይይዛል። ነገ እንግዳ አለብን ቢሉሽም አትቸኩዪ። የምድር ሽቦውም መታሰሩን በዓይንሽ አረጋግጪ።

ስለ መስመሩም አንድ ነገር ልንገርሽ። 3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። ለስልክ ቻርጀር በተሠራ ቀጭን ማራዘሚያ ይህ አይሄድም። ሶኬቱ ከጋገርሽ በኋላ ሲነኩት የሚያቃጥል ከሆነ ዛሬውኑ አስቀይሪው። ኃይሉ ሲወርድ ደግሞ ሙቀቱ ከጠበቅሽው በላይ ነው የሚወርደው። 220 የነበረው 180 ቮልት ቢሆን የ3,500 ዋቱ ምጣድ 2,340 ዋት ገደማ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ማታ ሁሉም ሰው ምጣድ ሲጥድ አምፖልሽ ይደበዝዝ እንደሆነ እዪ። ከደበዘዘ ንጋት ላይ ጋግሪ። ይሄኛው ግን እንጀራውን በሙሉ ያዘገየዋል እንጂ ግማሹን አይለይም።

አሁን ወደ ሳሳው ዓይን እንምጣ። እዚህ ላይ ጎረቤትሽ «የደሴ ውሃ» ያለችው ትንሽ እውነት አለበት። ጥፋቱ ግን የከፍታውና የብርዱ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ውሃ ኮምቦልቻ 94 ዲግሪ ላይ ሲፈላ ደሴ 92 ላይ ይፈላል። ይሄ ለአብሲት አያሰጋም፤ የጤፍ ሊጥ የሚወፍረው ከ68 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ወፍሮ እስኪያብረቀርቅ ጥቂት ደቂቃ አስረዝመሽ አማስዪው፣ በቃ። ለአንድ ጭልፋ ሊጥ ሦስት ጭልፋ ውሃ ይበቃል። እጅሽን የማያቃጥል ለብ ያለ ሲሆን መልሺው። ትኩሱን ከደፋሽው ያቦካሽውን እርሾ ትገድዪዋለሽ።

የሊጡ ዋና ጠላት የደሴ ሌሊት ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሲበርደው ይተኛል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ቢወርድ ሥራው በግማሽ ያህል ይዘገያል። ኮምቦልቻ በሁለት ቀን የሚደርሰው ሊጥ እዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሦስትና አራት ቀን ቢፈልግ አይግረምሽ። አንቺ ግን የኮምቦልቻን ቀን እየቆጠርሽ አብሲት የምትጥዪ ይመስለኛል። ቀኑን ተዪውና ሊጡን እዪ። ውሃው ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ፣ ከሥር አረፋ ሲያወጣ፣ ክዳኑን ስትከፍቺ ሽታው አፍንጫሽን ቆንጠጥ ሲያደርግ ያኔ ደርሷል። አብሲቱን ከመለስሽ በኋላም ኩፍ እስኪል ጠብቂው። ኩፍ ሳይል ዓይን የለም።

ለብርዱ መላ አለ። ስታቦኪ ለብ ባለ ውሃ አቡኪ። ባልዲውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጪው፣ ሲሚንቶ ሙቀት ይመጠምጣል። ትልቅ ካርቶን ፈልጊ። ሥሩ ላይ ጭድ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፊ። ባልዲውን መሃሉ ላይ አስቀምጪና ዙሪያውን በጨርቅ ወትፊው። ማታ ማታ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በባልዲው ግራና ቀኝ ሸጉጪ። የፈላ አይሁን፣ ጠርሙሱ ይጨማደዳል። ላዩን በጋቢ ሸፍኚ። ይሄን ከልጆችሽ ጋር ሥሩት። እኛ ቤት የሊጡን ካርቶን የማልበስ ሥራ የእኔና የእህቴ ነበር። ጠዋት ተነስተን «ኩፍ ብሏል!» ብለን ለእናታችን የምንነግርበት ሰዓት አሁንም ትዝ ይለኛል።

ቤኪንግ ፓውደሩን ግን ተይው። ሊጡ ኮምጣጣ ነው። ፓውደሩ ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ ወዲያው ይንፈቀፈቃል፣ አንቺ ምጣድ ጋ እስክትደርሺ አየሩ ወጥቶ ያልቃል። ጉምዘዛውንም ይገድለዋል። እንጀራን ከሻጋታ የሚያቆየው ደግሞ ያ ጉምዘዛ ነው። የዳቦ እርሾ ሊጡን በቶሎ ያነሳዋል፣ ግን ለመኮምጠጥ ጊዜ አይሰጠውም፤ በማግሥቱ ይደርቃል። በአብሽ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ትንሽ ከሆነ። ሩዙም ጥፋት አላደረሰም፣ ግን ሁሉን በአንድ ሳምንት ስትቀያይሪ የትኛው ምን እንዳደረገ ማወቅ አይቻልም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ።

ምጣዱ እየያዘብሽ ዘይት ስትቀቢው ከርመሽ ከሆነ ያንን ቅባት እስኪለቅ በጎመን ዘር ማሟሸት ይኖርብሻል። የተፈጨ ጎመን ዘር በጋለው ምጣድ ላይ በትኚ፣ በማሰሻ እያዞርሽ አሺው፣ ሲጠቁር ጥረጊ፣ ድገሚ። በሳሙናና በውሃ አትጠቢው። ሸክላው ይጠጣዋል።

እንግዲህ ቅዳሜ የሰሃኑን፣ እሁድ የዱቄቱን ሞክሪና የዱቄቱን ፎቶ ላኪልኝ። ከላይ አንሺው። የጠመኔዋ ምልክት ፎቶው ውስጥ ትግባ። ወደ ጠጋኝ የሚሄድ ከሆነም በባጃጅ ስትጭኚው ከሥሩ ብርድ ልብስ አጥፈሽ አድርጊለት፤ ሸክላው ወደ ላይ ይሁን።