አዲስ መካኒክ የመጀመሪያ ቁልፎቹን እንዴት ይምረጥ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ስለ እጅ መሣሪያ የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል። አብዛኞቹ ሥራ የጀመሩ ወይም ሊጀምሩ የተዘጋጁ ወጣቶች የጻፏቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ በአውቶ ሜካኒክስ ተመርቄ ሐዋሳ ውስጥ አንድ ጋራዥ ተቀጥሬያለሁ። የሚመጡት መኪኖች በብዛት ቪትዝ፣ ኮሮላና ሚኒባስ ናቸው። ቁልፍ የራሴን መያዝ አለብኝ። ባለ 200 ምናምን ፍሬ ሙሉ ሳጥን ልግዛ ወይስ በዚያው ገንዘብ ጥቂት ጥሩ ዕቃ?

መልስ፦ ጥቂት ጥሩ ዕቃ ይግዙ። ትልቁ ሳጥን ሲከፈት ዓይን ይሞላል፤ ፍሬዎቹን ሲቆጥሯቸው ግን ብዙዎቹ የካቻቢቴ ጫፎች፣ የአለን ቁልፎችና ዓመት ሙሉ የማይነኩ ቁጥሮች ናቸው። ዋጋው የተከፋፈለው ለእነዚያም ጭምር ስለሆነ በየቀኑ የሚይዙት 10፣ 12 እና 14 ቁጥር የሚደርሳቸው ብረት ደካማ ይሆናል።

የሚገዙትን የሚወስነው የሚፈቱት ብሎን ነው። በጃፓን መኪና ላይ 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ብሎን ቁልፍ የሚይዘው ጭንቅላቱ 10 ሚሊ ነው፤ የ8 ሚሊው 12፣ የ10 ሚሊው 14፣ የ12 ሚሊው 17። በዚህ ላይ 8 ቁጥርን ለትናንሽ ማሰሪያዎች፣ 19ን ለእግር (ጎማውን ከመኪናው ጋር ለሚያያይዙት ክፍሎች) ሥራ፣ 21ን ለጎማ ዳዶ ይጨምሩ። በእነዚህ ሰባት ቁጥሮች አብዛኛው የቶዮታ ሥራ ይሠራል። ጋራዡ ቮልስዋገን ወይም ሌላ የአውሮፓ መኪና መቀበል ሲጀምር 13፣ 16 እና 18 ይከተላሉ። እስከዚያ ድረስ ገንዘብዎን አያስሩባቸው።

አገዛዙን በዚህ ቅደም ተከተል ቢያደርጉት ጥሩ ነው። መጀመሪያ አንድ ጎኑ ክፍት ሌላው ቀለበት የሆነ ቁልፍ ከ8 እስከ 19። ከዚያ የሦስት ስምንተኛ ኢንች ራቼት (ከብሎኑ ሳይነሳ እየተወዛወዘ የሚያዞር እጀታ፤ ኢንቹ ሶኬት የሚሰካበት ጫፍ ስፋት ነው)፣ አጭርና ረጅም ማራዘሚያ፣ ከ8 እስከ 19 ያሉ ሶኬቶች (እጀታው ላይ ተሰክተው ብሎኑን የሚይዙት ኩባያዎች)፤ ከእነዚህ ውስጥ 10፣ 12 እና 14 በረጅሙም ይኑርዎት። ቀጥሎ ለእግርና ለጎማ ሥራ ራቼት የሌለው ባለ ግማሽ ኢንች ረጅም እጀታ ከ17፣ 19 እና 21 ሶኬት ጋር። የሩብ ኢንቹ ስብስብ ዳሽቦርድ መፍታት ሲበዛ ይመጣል።

ሶኬቶቹ ባለ ስድስት ማዕዘን ይሁኑ። ባለ 12ቱ በጠባብ ቦታ ቶሎ ይገባል፤ ነገር ግን የሚይዘው የብሎኑን ማዕዘን ጫፍ ስለሆነ የዛገ ብሎን ላይ ይንሸራተታል። ባለ ስድስቱ ጥሩ ከተሠራ ጉልበቱን ከማዕዘኑ ትንሽ ገባ ብሎ በጎኑ ላይ ያሳርፋል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚዘነጉትን አንድ ዕቃ እንጨምርልዎ። የፍሬን ቧንቧ የሚታሰርባት 10 ቁጥር ዳዶ ለስላሳ ናት፤ መሐሏም ቀዳዳ ነው። ክፍት ቁልፍ በሁለት ጎኗ ብቻ ሲይዛት ትጨፈለቃለች፤ ማዕዘኗ አንዴ ከተበላ በፒንሳ ይታገሏታል፣ ቧንቧው ይጠመዘዛል፣ መጨረሻው ሙሉ ቧንቧ መቀየር ነው። ለዚህች ዳዶ የተሠራ፣ ቀለበቱ ቧንቧውን ብቻ ለማሳለፍ የተከፈለ ቁልፍ አለ። የ10 ቁጥሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳጥንዎ ውስጥ ያስቀምጡ።

መዶሻ፣ ቺዝል፣ ማግኔት፣ የዘይት መቀበያ ሳህን ከርካሹ ቢገዙም አይጎዱም። ገንዘቡ የሚፈሰው ብሎን የሚይዘው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ መርካቶ ሁሉም ቁልፍ ላይ «ክሮም ቫናዲየም» ተጽፎበታል። ሻጩ ሁሉ «ኦሪጅናል ነው» ይላል። እኔ በምን ልለይ? ከምናለሽ ተራ ያገለገለ መግዛትስ ይመከራል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጽሑፉ ምንም አያረጋግጥም። ብረቱ በትክክል ክሮም ቫናዲየም ቢሆን እንኳ በእሳት የማጠንከሩ ሥራ ከተበላሸ ወይ ይለምጣል ወይ ይሰበራል። ስለዚህ ማረጋገጫውን ይዘው ይሂዱ፦ ሶማሌ ተራ ገብተው ቀለም ያልተቀባ፣ ያልዛገ፣ የቶዮታ 10፣ 12 እና 14 ራስ ብሎን አንዳንድ ፍሬ ይግዙና ኪስዎ ይክተቱ።

ሱቅ ሲደርሱ ሶኬቱን ብሎኑ ላይ ያድርጉና በጣትዎ ግራ ቀኝ ያወዛውዙ። ጥሩው ትንሽ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከመዞሩ በፊት በዓይን የሚታይ ክፍተት ካለው ይመልሱት። በክፍቱ ቁልፍም እንዲሁ ያድርጉ፤ ሁለቱ ከንፈሮች የብሎኑን ጎን ከሥር እስከ ጫፍ እኩል መንካት አለባቸው። ጫፉ ላይ ሰፍቶ ሥሩ ጋ የጠበበ ከሆነ ወይ ተሠርቶ ሲወጣ ተበላሽቷል ወይ ሰው አስፍቶታል።

ከዚያ ሶኬቱን አፉን ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ። ግድግዳው ዙሪያውን እኩል ይወፍራል? አንዱ ጎን ከሳሳ የሚሰነጠቀው በዚያ ነው። ክሮሙ ጠርዝ ላይ አረፋ የመሰለ ወይም የተላጠ ነገር ካለው ይተውት፤ የተላጠ ክሮም እንደ ምላጭ እጅ ይቆርጣል።

ራቼት ሲመርጡ ጥርሱን ይጠይቁ። ባለ 24 ጥርስ አንድ እርምጃ ለመሄድ 15 ዲግሪ መወዛወዝ ይፈልጋል፤ ባለ 72ቱ 5 ዲግሪ ይበቃዋል። ሞተር ጀርባ እጅ በማይዞርበት ቦታ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከጥርሱ ብዛት እኩል የሚያስፈልግ ሌላ ፈተና አለ፦ ሶኬት ይሰኩበትና ሶኬቱን በሁለት ጣት ብቻ ይዘው እጀታውን ወደ ኋላ ይመልሱ። ሶኬቱ አብሮ ሊዞር ጣትዎን የሚታገል ከሆነ ላላ ያለ ብሎን ላይ አይሠራም፤ ያጠበቁትን መልሶ ይፈታዋል።

ፒንሳ ጨብጠው ወደ ብርሃን ያንሱት፤ በመቁረጫው መካከል ብርሃን ካለፈ አይሆንም። አንድ ወረቀት በመቁረጫው ቢቆርጡ ከሥር እስከ ጫፍ ንጹሕ መቁረጥ አለበት።

ያገለገለን በተመለከተ፦ ምናለሽ ተራ የሚገኝ የጀርመን ወይም የጃፓን አሮጌ ቁልፍ ከአዲስ ደካማ ዕቃ ይበልጣል ብለን እናምናለን። ሀዜት፣ ስታልቪሌ፣ ጌዶሬ፣ ኮኬን፣ ኬቲሲ የሚል ቢያገኙ በኪስዎ ብሎን ፈትነው ይውሰዱ። ላዩ ቢዝግ ችግር የለም። የማይወሰደው ሌላ ነው፦ በመዶሻ የተመታ ጀርባ ያለው፣ በብየዳ የተነካ፣ በድንጋይ ተሞርዶ የሳሳ። ብየዳ ያረፈበት ቁልፍ ጥንካሬው ስለጠፋ በብዙ ጉልበት ሥር ድንገት ይለቃል። አዲስ ሲፈልጉ ደግሞ የታይዋኖቹ ኪንግ ቶኒና ቶፕቱል ለጀማሪ ኪስም ለየቀን ሥራም የሚመጥኑ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ መካኒክ ሊሆን ነው። ወንድሜ ከቨርጂኒያ ሲመጣ ሙሉ የቁልፍ ሳጥንና በባትሪ የሚሠራ መፍቻ አመጣለታለሁ ብሏል። ምን ብዬ ላዘው? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እናታችን፣ ወንድምዎን ሁለት ነገር ያሳስቡልን። አንደኛ፣ አሜሪካ የሚሸጡ ሳጥኖች ብዙ ጊዜ ግማሹ በኢንች ነው። ልጅዎ በሚሠራባቸው የጃፓን፣ የኮሪያና የቻይና መኪኖች ላይ የኢንች ቁልፍ ሥራ የለውም። እንዲያውም ያሳስታል፤ ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ስለሆነ 12 ብሎን ላይ ላልቶ ይገባና ማዕዘኑን ይበላዋል። «ሚሊ ብቻ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን» ይበሉት።

ሁለተኛ፣ የባትሪው መፍቻ ቻርጀር ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ነው። የእኛ መብራት 220 ነው፤ የመብራት መሰኪያ መቀየሪያ ብቻ ተደርጎ ቢሰካ ይቃጠላል። ቻርጀሩን 220 የሚቀበለውን እዚህ መግዛት ወይም ትራንስፎርመር ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በጉዞ ላይ ትርፍ የሊትየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። ቁልፎቹ በተቃራኒው በሚጫነው ይግቡ፤ ብረት ስለሆነ 23 ኪሎ ቶሎ ይሞላል፤ ከባዱን የፕላስቲክ ሳጥን ትቶ ዕቃውን በጨርቅ ቢጠቀልለው ይሻላል።

ከመፍቻው ጋር የሚሠራው ሶኬት ጥቁሩና ወፍራሙ ነው። የሚያብለጨልጨው የእጅ ሶኬት በመፍቻው ምት ተሰንጥቆ ስባሪው ወደ ዓይን ይፈናጠራል። ይህን ለልጅዎ ይንገሩት፤ የዓይን መከላከያ መነጽርም ከአጎቱ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ በጋራዣችን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ጥርስ ተበልቶ የመጣ መኪና በዛ። የቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካው) በእርግጥ ያስፈልጋል ወይስ እጅ ሲለምድ ይበቃል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ያስፈልጋል። ብሎኑ ብረት ነው፤ የሚገባበት የዘይት ገንዳ ግን በብዙ መኪና አልሙኒየም ነው። በረጅም ቁልፍ «እንዳያንጠባጥብ» እየተባለ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ሲጨመርበት የሚበላው አልሙኒየሙ ነው። ማንጠባጠብን የሚያቆመው ደግሞ ማጥበቁ አይደለም፤ ከብሎኑ ራስ ሥር ያለችው ቀለበት ናት። እሷን በየዘይት ቅያሪው ይለውጡ።

በብዙ ትናንሽ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ይህ ብሎን 14 ራስ ሲሆን የሚጠብቀው በ37 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ነው፤ የቪትዝና የኮሮላ ጎማ ዳዶ በ103። አሮጌ የጃፓን መመሪያ በኪሎ ግራም ሴንቲሜትር ስለሚጽፍ አይደናገሩ፤ እዚያ 1,050 ተብሎ የሚታየው ይኸው 103 ነው። የሌላ ሞተርን ቁጥር ከራሱ መመሪያ ይውሰዱ።

ከ40 እስከ 200 የሚለካ ባለ ግማሽ ኢንች የቶርክ ቁልፍ ለጎማና ለእግር ይሆናል፤ ለማፍሰሻ ብሎንና ለካንዴላ ግን ዝቅ ብሎ የሚጀምር ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ያስፈልጋል። ማንኛውም የቶርክ ቁልፍ በመለኪያው ታችኛ ጫፍ ላይ እምነት አይጣልበትም።

የሚያበላሹት ልማዶች የታወቁ ናቸው። ብሎን መፍታት በእሱ፣ ከሥራ በኋላ መለኪያውን ከፍ እንዳለ መተው፣ «ጠቅ» ካለ በኋላ ለማረጋገጥ ደግሞ መሳብ። አንዴ ጠቅ ካለ አልቋል። ሲያስቀምጡት ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይመልሱት፤ ከዚያ በታች ግን አያላሉት። በሥራ ላይ ያለ ቁልፍ በዓመት አንዴ ወይም በ5,000 ጥብቂያ አንዴ መለካት አለበት። የብሎኑ ጥርስ ዘይት የነካው ከሆነ ደግሞ በዚያው ቁጥር ከሚገባው በላይ ስለሚጠብቅ ጎማ ከመመለስዎ በፊት ጥርሱን ይጥረጉ።

ጥያቄ፦ ሴት መካኒክ ነኝ። ሁሉም ሥራ ይሆንልኛል፤ ጎሚስታ በማሽን ያጠበቀው የጎማ ዳዶ ግን ያቅተኛል። ወንዶቹም ቁልፉ ላይ ቆመው ነው የሚፈቱት። (ከደሴ)

መልስ፦ ችግሩ ከእርስዎ ጉልበት አይደለም፤ ከእጀታው ርዝመት ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው የጎማ ቁልፍ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በትክክል በ103 ኒውተን ሜትር የጠበቀ ዳዶ እንኳ በእሱ ሲፈታ 42 ኪሎ ያህል መጫን ይጠይቃል። በ60 ሴንቲ እጀታ ይኸው ዳዶ ከ18 ኪሎ ባነሰ ይፈታል። በማሽን 250 ድረስ የጠበቀው በአጭሩ ከ100 ኪሎ በላይ ሲፈልግ በረጅሙ 42 አካባቢ ይበቃዋል።

ስለዚህ ከ60 ሴንቲ የማያንስ ባለ ግማሽ ኢንች እጀታና ባለ ስድስት ማዕዘን 21 ጥቁር ሶኬት ይግዙ። ጎማው መሬት ይዞ፣ ክሪክ ሳይነሳ፣ ወደ ታች ተጭነው ይፍቱ። ራቼት ላይ ቧንቧ ሰክተው አያርዝሙ፤ ጥርሱ ሲለቅ እጅ ከግንባር ይጋጫል። ቁልፍ ላይ መቆምም ይቅር፤ ሶኬቱ ሲንሸራተት ሰውየው ከነክብደቱ ይወድቃል። አይሱዙ ኤንፒአር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የኋላ ድርብ ጎማው ውጭው 41፣ ውስጡ አራት ማዕዘን 21 ስለሆነ የራሱ ቁልፍና ረዘም ያለ ዘንግ አለው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። እጀታው ቀይና ቢጫ የሆነውን ባለ 1000 ቮልት የቁልፍ ስብስብ አሁኑኑ ልግዛ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ስለተከለከለ ጥያቄው ወቅታዊ ነው። ሆኖም የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን፣ እግርና ጎማ የሚሠራው በተለመደው ቁልፍ ነው። ባለ 1000 ቮልቱ የሚያስፈልገው ብርቱካናማ ገመድ ያለበትን ክፍልና ባትሪውን ለሚነካ ሰው ሲሆን ያ ሰው አስቀድሞ ሥልጠና መውሰድ አለበት። በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ያለው ከ300 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው።

ሥልጠናውን ከወሰዱ መጀመሪያ የሚገዙት ቁልፍ ሳይሆን «ክላስ 0» የሚባለውን የጎማ ጓንት ነው። ከመልበስዎ በፊት ሁልጊዜ አየር ሞልተው አፉን ይጠቅልሉና ጆሮዎ ጋ አድርገው ይጨምቁት፤ የሚያፈስ ከሆነ ይጣል። ቁልፉ ላይ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ያሉበት ምልክትና «1000 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ፤ ሽፋኑ ተሰንጥቆ የውስጡ ሌላ ቀለም ከታየ አገልግሎቱ አብቅቷል። በተራ ቁልፍ ላይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር መጠቅለል ሽፋን አይባልም፤ ላብና ዘይት ሲነካው ይንሸራተታል፣ ጫፉም ራቁቱን ነው። ኃይሉን ካቋረጡ በኋላ የመኪናው መመሪያ የሚለውን ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያም በመለኪያ ዜሮ መሆኑን ሳያዩ እጅዎን አያስገቡ።