ስፓይደርማን ኮሚኩ ላይ ጭምብሉን ለምን አወለቀ? (መልስ)

የማርቭልን «ሲቪል ዋር» ፊልሙን አይተህ ኮሚኩን ስለጀመርክ ነው ግራ የገባህ፤ ሕጉ የተለያየ ነው።

የ2016ቱ ፊልም ላይ ያለው የሶኮቪያ ስምምነት ልዕለ ኃያላኑን ለመቆጣጠር 117 አገሮች የፈረሙት ነው። ጥያቄው «ማን ሲፈቅድ ነው የምትዘምቱት?» የሚል ነው፤ ስለ ጭምብል ብዙም አይጨነቅም።

የ2006ቱ ኮሚክ ላይ ግን የአሜሪካ የምዝገባ ሕግ ነው። ስታምፎርድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ናይትሮ የሚባለው ራሱን ማፈንዳት የሚችል ክፉ ገጸ ባሕርይ ፈንድቶ ሕፃናት ጭምር ካለቁ በኋላ የወጣ ነው። ኃይል ያለው ሁሉ እውነተኛ ስሙን ለመንግሥት ያስመዘግባል፤ እምቢ ካለ ይታሰራል። ልብ በል፣ ሕጉ ለመንግሥት ተናገር ይላል እንጂ በአደባባይ ተገለጥ አይልም። ፒተር (ስፓይደርማን) 2ኛው እትም ላይ በጋዜጠኞች ፊት ጭምብሉን ያወለቀው ሕጉን ከሚደግፈው ከቶኒ ስታርክ (አይረን ማን) ጎን መቆሙን ለማሳየት ነው። አክስቱ ሜይና ሚስቱ ሜሪ ጄን የከፈሉት ዋጋም ከዚያ የመጣ ነው።

አነባበቡ፦
1. ዋናዎቹን 7 የ«ሲቪል ዋር» እትሞች ጨርስ።
2. ከዚያ የ«አሜዚንግ ስፓይደርማን» 532–538። ፒተር ለምን ጎራ እንደቀየረ በደንብ የሚገባህ እዚህ ነው።
3. የ«ካፕቴን አሜሪካ» 25ኛ እትም መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ቀድመህ ከከፈትከው የዋናውን ፍጻሜ ያበላሽብሃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ተጓዳኝ እትሞቹን (ከዋናዎቹ 7 ውጭ ታሪኩን የሚያስከትሉትን) የጻፏቸው የተለያዩ ደራሲዎች ናቸው። ቶኒ አንዱ ላይ አሳቢ፣ ሌላው ላይ ጨካኝ ሆኖ ታገኘዋለህ። በአንድ እትም ብቻ አትፍረድበት።