ነዝሮ ጣለው፤ ከዚያስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ23 ዓመት ልጅ ነኝ። ቀን ቀን ለገሃር አካባቢ ሱቅ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ታሪኩ የሚካሄደው ከ40 ዓመት በኋላ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። አንድ ምዕራፍ ላይ የጥበቃ ሠራተኛው ሌባ እያባረረ ቸርችል ጎዳናን ይወርዳል። ከዚያ በማደንዘዣ ጨረር ይመታዋል። ሌባው ለአንድ ሰዓት ይተኛል፣ ሲነቃ ይጠየቃል። ጓደኛዬ አንብቦ «ኧረ ይሄ አይዋጥልኝም» አለኝ። እኔ ደግሞ ዋናው ገጸ ባሕሪዬ ነፍስ እንዲያጠፋ አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?

ም.፣ ከለገሃር

መልስ፦ ነፍስ እንዳይጠፋ መጨነቅህን ወድጄዋለሁ። ከሚላኩልኝ ጽሑፎች ብዙዎቹ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርሱ ሰው ይገድላሉ፤ የሞተው ሰው ስም እንኳ የለውም። አንተ ለሌባህ አዝነህለታል። ይህን እንዳትተወው።

ጓደኛህ ግን ልክ ነው። ጨረሩ አይደለም ችግሩ። ከ40 ዓመት በኋላ ምን እንደሚፈጠር ማን ያውቃል? ጨረሩ ይኑር። ያልተዋጠለት «ተኛ» የምትለዋ ቃል ናት።

ከራሴ ልጀምር። ኮረንቲ ይዞኝ ያውቃል። የ19 ዓመት ልጅ ሆኜ አራት ኪሎ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ግቢው ውስጥ በጋራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበረ። ሽቦው አርጅቶ ሦስት ቦታ በናስትሮ ተጠቅልሏል። አንድ ቀን እጄን ታጥቤ ሳላደርቅ፣ በባዶ እግሬ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ፣ የምጣዱን ጠርዝ ነካሁ። እጄ ጨበጠው። እኔ አልጨበጥኩትም፤ እጄ በራሱ ነው የጨበጠው። ልልቀቅ ብል አይለቅም። ልጩህ ብል ጥርሴ ገጥሟል። ግን ሁሉንም እሰማለሁ። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማኛል። አከራዬ እማማ «ወይኔ ልጄን!» ሲሉ ይሰማኛል። እንጀራው ምጣዱ ላይ ዓይን ሲያወጣ አያለሁ። እሳቸው በእንጨት ማማሰያ ክንዴን መትተው አላቀቁኝ። ወደቅኩ። እጄን ዘርግቼ ራሴን ልደግፍ አልቻልኩም፤ ግንባሬ ከከሰል ማንደጃው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ከዚያስ? ካንተ ምዕራፍ የጎደለው ይሄ «ከዚያስ» ነው። ወተት ሲያጠጡኝ ብርጭቆው ከጥርሴ ጋር ይንቀጫቀጭ ነበር። ለሦስት ቀን ክንዴና ትከሻዬ ኩንታል ስሸከም የዋልኩ ያህል ታመመ። ለሳምንታት ያህል መብራት ማብሪያ በጣቴ አልነካም ነበር። በማማሰያው ጫፍ ነበር የምጫነው። እነዚህን ነገሮች አንባቢ ሲያገኝ ያምናል።

ልብ በልልኝ፣ አንድ ቅጽበት እንኳ ራሴን አልሳትኩም። ዛሬ በብዙ አገር ፖሊስ የሚይዘው ቴዘር የሚባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያም ሰው አያስተኛም። ጫፋቸው እንደ መንጠቆ የሆነ ሁለት ትናንሽ ቀስቶች ይወረውራል። ቀስቶቹ በቀጭን ሽቦ ከመሣሪያው ጋር እንደተያያዙ ልብስ ወይም ቆዳ ላይ ይሰካሉ። በሰፊው የታወቀው ሞዴል በሰከንድ 19 ጊዜ ያህል ይነዝራል፤ አንዴ ሲጫኑት 5 ሰከንድ ይቆያል። 50,000 ቮልት ሲባል ሰው ይደነግጣል። ያ ግን ብልጭታው የአየር ክፍተት እንዲዘል ነው፤ ሰውነት ላይ ሲደርስ ወደ 1,200 ይወርዳል፣ የሚያልፈው ኮረንቲም በጣም ትንሽ ነው። መሣሪያው የሚይዘው ጡንቻን ነው። አንጎል «ሩጥ» ይላል፣ እግር አይታዘዝም። ሰውየው ግን ነቅቶ ያያል፣ ይሰማል፣ ያመዋል። 5 ሰከንዱ ሲያልቅ ተነስቶ ሊሮጥም ይችላል።

እስቲ አሁን ቸርችል ላይ አምጣው። ቸርችል ቁልቁለት ነው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሙሉ ኃይሉ የሚወርድ ሰው ድንገት እግሩ ቢደርቅ ምን ይሆናል? እንደ ግንድ ነው የሚወድቀው። እጁ ፊቱን አያድነውም። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ አለ፣ የመብራት ምሰሶው አለ። በእውነተኛው ዓለምም በዚህ መሣሪያ ከተመቱ ሰዎች ክፉኛ የተጎዱትና የሞቱት አንዳንዶቹ በአወዳደቃቸው ነው። ደግሞ ሌባህ ምን ለብሷል? ሁለቱም ቀስቶች ካልያዙ መስመሩ አይገናኝም። የሐምሌ ማታ ቢሆንና ጋቢ ደርቦ ቢሮጥ፣ አንዱ ቀስት ጋቢው እጥፋት ውስጥ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ጥበቃው ይጫናል፣ መሣሪያው ጠጠጠጠ ይላል፣ ሌባው ግን እየሮጠ ነው። ይህን ብትጽፈው እኔ ቁጭ ብዬ አነበው ነበር። በእጁ ቤንዚን የያዘ ጀሪካን ካለ ደግሞ ብልጭታው እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

የመሣሪያው ታሪክ ራሱ የልብ ወለድ ታሪክ መሆኑን ስነግርህ ደስ እያለኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካ ውስጥ «ቶም ስዊፍትና የኤሌክትሪክ ጠመንጃው» የሚባል የልጆች መጽሐፍ ወጣ። ወጣቱ ፈጣሪ ጠመንጃውን ይዞ አፍሪካ ድረስ ዝሆን አደን ይመጣል። ጃክ ከቨር የሚባል ተመራማሪ በልጅነቱ ይህን ተከታታይ ታሪክ ይወድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የራሱን መሣሪያ ሠርቶ ሲጨርስ ስሙን ከመጽሐፉ ርዕስ የመጀመሪያ ፊደላት ወሰደ፤ ለአነጋገር እንዲመች አንድ ፊደል ጨመረበት። ቴዘር የሚለው ቃል እንዲህ ተወለደ። የመጽሐፉ ጠመንጃ ዝሆን የሚገድል ነበር። ያነበበው ሰው ግን የማይገድል መሣሪያ ሊሠራ አሰበ። አንተም ማታ ማታ የምትጽፈውን ማን እንደሚያነበው አታውቅም።

ያንተ ዓይነቱ ጨረር በቴሌቪዥን የገነነው እ.ኤ.አ. በ1966 በጀመረው «ስታር ትሬክ» ነው። መሣሪያው ደረጃ አለው፤ አንዱ ይገድላል፣ አንዱ ያፈዛል። ለየሳምንቱ ድራማ ይመቻል፣ ጀግናው እጁ ደም ሳይነካ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል። ግን እኛ ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለንም። አፍዝ አደንግዝን ከእናትህ አልሰማህም? የእኔ እናት ስታወራ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር፦ ሴትዮዋ ፒያሳ ወርቅ ገዝታ ስትወጣ አንድ ሰው ትከሻዋን ነካ ያደርጋታል። ሐብሏን በገዛ እጇ ፈትታ ትሰጠዋለች። ራሷን ስታገኘው ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆማለች፤ እጇ አንገቷ ላይ ነው፣ የሌለውን ሐብል ትፈልጋለች። እናቴ እዚያ ላይ አታቆምም። ሴትዮዋ ቤቷ ስትገባ ባሏ «ሸጠሽው ነው» ይላታል። ጎረቤት ያንሾካሹካል። ዓመት ሙሉ ፒያሳን አትረግጥም። የተረቱ ግማሽ ከፈዘዘች በኋላ ያለው ነው። ተራኪዎቻችን ይህን ያውቁበት ነበር።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ይበልጥብኛል። የጥበቃውን ጣት አሳየን። «አይገድልም» የተባለ መሣሪያ እጅ ያቀላል። በሽጉጥ አሥር ጊዜ የሚያስብ ሰው በዚህኛው አንዴም ላያስብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ቫንኩቨር አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ከፖላንድ የመጣ መንገደኛ፣ ቋንቋ የማይችል፣ ለሰዓታት ግራ ተጋብቶ የቆየ፣ ፖሊሶች ደጋግመው ነዘሩትና እዚያው ሞተ። ጉዳዩ በይፋ ተመርምሮ ድርጊታቸው ተገቢ እንዳልነበር ተነግሯል። ባለሙያዎችም ዛሬ «ገዳይ ያልሆነ» ከማለት «የመግደል ዕድሉ ያነሰ» ማለትን ይመርጣሉ። ስለዚህ ጥበቃህ አንዴ ተጫነ፣ ሌባው ወደቀ። 5 ሰከንድ አለፈ። ሌባው ክርኑን ተደግፎ ሊነሳ ነው፣ ወይም ሊለምን ነው፤ ጥበቃው አይለይም። ሁለተኛ ይጫናል? ገጸ ባሕሪህን ነፍሰ ገዳይ ሳታደርገው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የምታሳየን እዚያች ላይ ነው። ምዕራፉን እንደገና ጻፈውና ላክልኝ። የምር አነበዋለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በሚጽፏቸው አጫጭር ታሪኮች ውስጥ ጠላትን በጋዝ ወይም በመርፌ ማስተኛት እየበዛ ነው። አንዲት ጠብታ መሀረብ ላይ፣ ሰውየው ጥቅልል! ይህስ እንዴት ይታያል?

አንባቢ፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ መምህር፣ ልጆቹን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ከመካከላቸው ቀዶ ጥገና የተደረገለት ዘመድ ያለው ማነው? ያ ዘመድ ሲተኛ አጠገቡ ሌላ ሥራ የሌለው ባለሙያ ነበረ። ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ትንፋሹን፣ ልቡንና ደሙን የሚከታተል። በሚያስተኛውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ ነው። ክብደት ይለያያል፣ ዕድሜ ይለያያል። የዱር እንስሳ በማደንዘዣ ቀስት የሚመቱ ባለሙያዎች እንኳ እንስሳው እስኪወድቅ ደቂቃዎች ይጠብቃሉ፤ እንስሳው ያን ጊዜ ሁሉ ይሮጣል።

ጋዙን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2002 ሞስኮ ውስጥ የሆነውን ይንገሯቸው። ታጣቂዎች ቲያትር ቤት ውስጥ ብዙ መቶ ሰዎች አገቱ። የጸጥታ ኃይሎች አደንዛዥ ጋዝ በአየር ማስገቢያው ለቀቁ። ከ120 በላይ ታጋቾች ሞቱ፣ አብዛኞቹ በጋዙ። ተኝተው በጀርባቸው ሲያጋድሟቸው ትንፋሻቸው የታፈነባቸው አሉ። ለትንንሽ ልጆች ከባድ ነው፣ ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ግን ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ጭንቅላት መትቶ ማስተኛትም ያው ነው። ተመትቶ ግማሽ ሰዓት ራሱን የሳተ ሰው ሆስፒታል የሚያስገባ የአንጎል ጉዳት አለበት፤ ተነስቶ ልብሱን አራግፎ አይሄድም።

ጥያቄ፦ ቴዘርን የመሰለውን የሚነዝር መሣሪያ በአማርኛ ምን ብለን እንጥራው? «ማደንዘዣ መሣሪያ» ትክክል ነው?

አንባቢ፣ ከአራዳ

መልስ፦ እኔ አልወደውም። ማደንዘዣ ስንል ጥርስ ሐኪሙ ጋ የምንወጋት መርፌ ናት ትዝ የምትለን፤ ሕመም እንዳይሰማን የምትሰጥ። ይህኛው የሚያም ነገር ነው። ስሙ ሲያሳስት ጸሐፊውንም ያሳስተዋል፤ የመጀመሪያው ጠያቂያችን ሌባውን ያስተኛው ይመስለኛል «ማደንዘዣ» ብሎ ስለጀመረ ነው። ተራኪው ሲሆን «የኤሌክትሪክ ሽጉጥ» ወይም «ነዛሪ» ቢል እወዳለሁ። ነዘረኝ ማለት ምን እንደሆነ ምጣድ የነካ ሁሉ ያውቀዋል። ሰዎቹ ሲነጋገሩ ግን እንደ ሰፈራቸው ይናገሩ። ጥበቃው ለተረኛው ዱላና ቁልፍ ሲያስረክብ «ኮረንቲውስ?» ቢለው ይበቃል።