የፕላን ባለሙያ ስልጠና ከየት ይጀመር?

ጥያቄ፦ በጂኦግራፊ ተመርቄ በአንዲት የወረዳ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የፕላን ባለሙያ ሆኜ ተመድቤያለሁ። የከተማ ፕላን ተምሬ አላውቅም። መሥሪያ ቤቴ ለጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥሪያና የቦታ መረጃ ማደራጃ ዘዴ) አጭር ስልጠና ሊልከኝ ነው። ይበቃኛል? (ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ ይሂዱ፤ ግን አይበቃዎትም። ኮምፒውተሩ ካርታውን ያሳይዎታል እንጂ መንገዱ ለምን እዚያ እንደተሰመረ አይነግርዎትም። ከመሄድዎ በፊት የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ን ያንብቡ። መዋቅራዊ ፕላን መላውን ከተማ፣ የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ አንድን የከተማ ክፍል እንደሚመለከት ከዚያ ይረዳሉ። ይህን ያልለየ ባለሙያ ባለጉዳይ ፊት ይርበተበታል።

እኔ ሠልጣኞቼን መጀመሪያ የማወጣቸው ወደ ሜዳ ነው፤ ሜትርና የታተመ ፕላን አስይዤ። በአንዲት ከተማ ፕላኑ ላይ 15 ሜትር የተባለው መንገድ ሲለካ 9 ሆነ። አጥር ገፍቶ ገብቷል፤ የጎርፍ መውረጃው ቦይም በግንብ ተደፍኗል። አንዲት እናት ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው ደጃፋቸውን አልፎ መደቡ ድረስ እንደሚወጣ፣ ግድግዳው ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር እያመለከቱ አሳዩን። ይህን ከቢሮ ወንበር ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ብዙ ስልጠና በሆቴል አዳራሽ ተጀምሮ እዚያው ማለቁ ያንገበግበኛል።

አለቃዎን ይጠይቁ፦ ስልጠናው የመስክ ልምምድ ይኑረው፤ የሚለማመዱበትም መረጃ የራስዎ ከተማ ይሁን። ረዘም ያለ ትምህርት ከፈለጉ የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲን ይመልከቱ። ከተቻለ ቀያሹ ባልደረባዎም አብሮ ይሠልጥን፤ ችካሉን የሚተክለው እርሱ ነውና።